ቀይቱ አልቀላ አለች

ጆሮ ያለው ወዲህ ያቅና፤ ሥራ የያዘም ሥራውን ሳያቋርጥ ይስማ። ይህ የውሃ ውስጥ ተረት ነው፤ እጅ ያረጥባል እንጂ ሰው አያሰጥምም።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ከአባቷ ጋር ትኖር ነበር። አባቷ አባባ ላቀው ቀለም ቀቢ ነበሩ። በአሮጌው ገበያ ዙሪያ ካሉት የሱቅ በሮች ግማሹን የቀቡት እሳቸው ናቸው። ኋላ ግን ዓይናቸው እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ዓለም አንድ ግራጫ መጋረጃ ሆነችባቸው። ሰውን በድምፁ፣ ቀኑን በሙቀቱ ካልሆነ አይለዩም ነበር።

ታዲያ ሰርቪስ ቤታቸውን ተከራይቶ የነበረ አንድ መምህር ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። "ይሄንን ተሸክሜ አውቶቡስ ላይ አልወጣ" ብሎ የዓሣ ገንዳውን ትቶላቸው ሄደ። ገንዳው አራት ማዕዘን መስታወት ነው፤ ከላይ ትንሽ አምፖል ተገጥሞለታል። ታች ጠጠር፣ ከኋላ ረጅም ሣር፣ መሀል አንዲት ባለ ረጅም ጅራት ዓሣ፣ ጥግ ላይ አንድ ቀንድ አውጣ፣ ከፊት ደግሞ ቅጠሏ ደም የመሰለ አንዲት ተክል አሉበት። ትርንጎ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠችው። አባባ ላቀው ግድግዳውን እየዳሰሱ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"ትርንጎ፣ ያ ቀይ ምንድን ነው?"

ትርንጎ የያዘችው ሳህን ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። "ይታይዎታል አባባ?"

"ይታየኛል እንጂ! ቀይ ነው። እኔ የቀባሁት ግን አይደለም፤ ይሄኛው አንድም ቦታ አልተዝረከረከም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባባ ወንበር ከገንዳው ፊት ሆነ። ተክሏንም ቀይቱ ብለው ስም አወጡላት። ጠዋት ሲነሡ ከልጃቸው ሰላምታ በፊት "ቀይቱ ደህና አደረች?" ይላሉ። ትርንጎም "እኔስ ልደር አልደር ማን ይጠይቀኛል!" እያለች የቀናች ትመስላለች። ልቧ ግን በደስታ ይሞላ ነበር።

ደስታ ቤት ገብታ አትሰነብትም መቼም። ቀይቱ መጀመሪያ ጫፏ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ ገረጣች፤ ኋላ ጭራሽ ወይባ ከሣሩ ጋር አንድ ሆነች። አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፈለጓት፤ አጧት። በማግስቱም ፈለጓት። ከዚያ ወንበሩን ትተው መኝታ ቤት ገቡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

"አባባ፣ ኧረ ይነሡ፣ ረፈደ" ስትላቸው፣

"ለማን ብዬ ልጄ? ቀይዋን ካላየሁ አልነሣም" አሉ።

ምሳቸውም እዚያው ገባ፣ ራታቸውም እዚያው። ትርንጎ ፈራች። አባቷ እንዲህ እንደተኙ ቀስ በቀስ እንዳይጠፉባት ፈራች። ያን ጊዜ ከዓለም ሁሉ የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ሆነ፤ ቀይቱ እንድትቀላላት።

ጎረቤታቸው እትዬ ጠጅቱ ይህንን ሰምተው መጡ። ምክር ይዘው የማይመጡበት ቀን የለም። "ምን ያስጨንቅሻል ትርንጎዬ? ቀይ ሥር ጨምቀሽ ውሃው ላይ ጠብ አታደርጊበትም?"

"ዓሣዋስ እትዬ?"

"ዓሣዋም ትቀላለቻ! ምን ከፋሽ?"

ትርንጎ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ለምን የምትል ሴት ናት። መድኃኒቱን ከማወቋ በፊት ነገሩን ማወቅ አለባት። እትዬ ጠጅቱን ሸኝታ ከገንዳው ፊት በርከክ አለችና አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

"ቀይቱ፣ ቅዪልኝ። አባባ አልነሣ አሉ።"

ቀይቱ በደከመ ድምፅ፣ "ብርሃን ሲያገኘኝ ነበር የምቀላው፤ አምፖሉ ካላበራልኝ አልቀላም" አለች።

"ይሄማ ቀላል ነው!" ትርንጎ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሱቅ ሄደችና ትልቁን አምፖል ገዝታ ገጠመችው። ስትነሣ ታበራዋለች፣ ልትተኛ ስትል ታጠፋዋለች። ሳሎኑ ፎቶ ቤት መሰለ። ቀይቱ ግን መቅላቱን ትታ ሌላ ልብስ ለበሰች። አረንጓዴ፣ ሙልጭልጭ የሚል ነገር ቅጠሏንም መስታወቱንም ሸፈነው። አልጌ የሚሉት ነው። ትርንጎ ግራ ገባት፤ አንጋጣም አምፖሉን ጠየቀችው።

"አንተ አምፖል፣ ለቀይቱ አብራላት። ቀይቱ አልቀላ አለች፤ አባባ አልነሣ አሉ።"

"አይ እመቤቴ!" አለ አምፖሉ፣ ላቡን የሚጠርግ ይመስል ብልጭ ድርግም ብሎ። "እኔ ስበራ መዋሌን ታያለሽ። ማን እንደሚጠጣኝ ግን አላየሽም። አልጌው ነው! ቀይቱ ጋ ሳልደርስ አፉን ከፍቶ መንገድ ላይ ይጠብቀኛል። እሱ ካልወረደ ለቀይቱ አላበራም።"

ትርንጎ ጨርቅ አምጥታ አልጌውን ከመስታወቱ ላይ ጠረገችው። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ደግማ ጠረገችው፤ ወፍሮ መጣ። በጉልበት እንዳልሆነ ሲገባት በልመና ሞከረችው።

"አንተ አልጌ፣ ውረድልኝ። አምፖሉ ለቀይቱ አላበራ አለ፤ ቀይቱ አልቀላ አለች፤ አባባ አልነሣ አሉ።"

አልጌው ተንጠራራ። "ለምን ብዬ ነው የምወርደው? ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ይወርድልኛል። ሌሎቹ ተክሎች አቅም አጥተው ተኝተዋል፤ የሚሻማኝ የለም። አንቺስ ብትሆኚ እንዲህ ያለ ቤት ትተሽ ትሄጃለሽ?"

ትርንጎ አሰበችበት። "አልሄድም" አለች፤ መዋሸት አትችልበትም።

"አየሽ! ቀንድ አውጣው ካልጋጠኝ አልወርድም።"

ቀንድ አውጣው ጥግ ላይ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ትርንጎ በጥፍሯ መስታወቱን ቆረቆረች።

"ማነው?" አለ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ ትርንጎ።"

"ዓሣዋ አጠገብሽ አለች?"

"በዚያ በኩል እየዞረች ነው።"

"እንግዲያው ቤት የለም በያት።"

ትርንጎ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ለመነችው። "አንተ ቀንድ አውጣ፣ አልጌውን ጋጥልኝ። አልጌው አልወርድ አለ፤ አምፖሉ ለቀይቱ አላበራ አለ፤ ቀይቱ አልቀላ አለች፤ አባባ አልነሣ አሉ።"

"ጠልቼ መሰለሽ?" አለ ቀንድ አውጣው። "አልጌ ከምግብ ሁሉ የምወደው ነው፤ ሽታው እዚህ ድረስ እየመጣ ምራቄን ያስውጠኛል። ነገር ግን ቀንዴን ብቅ ባደረግሁ ቁጥር ዓሣዋ ትነክሰኛለች። እሷ ካልተወችኝ አልግጥም።"

እዚህ ላይ የትርንጎ ደም ፈላ። ዓሣዋን ገና ከመጣች ጀምሮ ኩራቷን አትወድላትም ነበር። ያ ጅራት እንደ ሙሽራ ቬሎ ሲጎተት ሳሎኑን የገዛችው ትመስላለች።

"አንቺ ባለ ጅራት! ይህን ሚስኪን ስትነክሺ አያሳፍርሽም? ተይው! ቀንድ አውጣው አልጌውን አልግጥ አለ፤ አልጌው አልወርድ አለ፤ አምፖሉ ለቀይቱ አላበራ አለ፤ ቀይቱ አልቀላ አለች፤ አባባ አልነሣ አሉ።"

ዓሣዋ እንደ መዞር ብላ ፊት ለፊት መጣች። "ማፈርስ አንቺ እፈሪ! አደባባይ ላይ አስቀምጠሽኝ! አንቺ ስታልፊ ጥላ፣ አባትሽ ሲያልፉ ጥላ፣ ያቺ ጎረቤትሽ ስትመጣማ ድፍን ጨለማ! ድሮ ሣሩ ውስጥ ጥልቅ እል ነበር። አሁን ሣሩ ሳስቶ መሸሸጊያ የለኝም። ፈርቼ እውላለሁ፤ ስፈራ ደግሞ ያገኘሁትን እነክሳለሁ። ሣሩ ካልሸሸገኝ ቀንድ አውጣውን አልተውም።"

ትርንጎ የተቆጣቻትን ያህል አዘነችላት። ኩራት የመሰላት ፍርሃት ኖሯል። ወደ ሣሩ ዞራ አየችው፤ እውነትም ሳስቷል። ቅጠሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ አጎንብሶ የወደቀውን የሚፈልግ ይመስላል።

"አንተ ሣር፣ ዓሣዋን ሸሽጋት። ዓሣዋ ቀንድ አውጣውን አልተው አለች፤ ቀንድ አውጣው አልጌውን አልግጥ አለ፤ አልጌው አልወርድ አለ፤ አምፖሉ ለቀይቱ አላበራ አለ፤ ቀይቱ አልቀላ አለች፤ አባባ አልነሣ አሉ።"

"በምን ልሸሽጋት? ራሴንም መሸሸግ አቅቶኛል" አለ ሣሩ። "ርቦኛል ትርንጎ።"

"ይሄን ሁሉ ብርሃን እየሰጠሁህ?"

"ብርሃንማ ሞልቷል። ብርሃን ሥራ ነው እንጂ ራት አይሆንም። ሰውን ሳታበዪ ከጠዋት እስከ ማታ ብታሠሪው ይወፍርልሻል? አምፖሉ በበረታ ቁጥር እኔን ይብስ ይርበኛል። ጠጠሩ ካላበላኝ ዓሣዋን አልሸሽግም።"

ትርንጎ ይህንን ስትሰማ ቁጭ አለች። ስለ ብርሃኑ ስትጨነቅ ስለ ምግቡ አንድም ቀን አስባ አታውቅም። ለካስ ሁለቱ አብረው ካልሄዱ አንዱ ሌላውን ይጎዳል! ነገሩ እየጣማት መጣ። ጭንቀቷን ሳትረሳ፣ ቀጥሎ ማን ምን ይል ይሆን የሚል ጉጉት ያዛትና እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ገባች። ጠጠሩን ዘገን አደረገችው።

"አንተ ጠጠር፣ ሣሩን አብላው። ሣሩ ዓሣዋን አልሸሽግ አለ፤ ዓሣዋ ቀንድ አውጣውን አልተው አለች፤ ቀንድ አውጣው አልጌውን አልግጥ አለ፤ አልጌው አልወርድ አለ፤ አምፖሉ ለቀይቱ አላበራ አለ፤ ቀይቱ አልቀላ አለች፤ አባባ አልነሣ አሉ።"

ጠጠሩ መዳፏ ላይ ተንኮሻኮሸ። እንዴት ንጹሕ ነው! እንዴት ነጭ ነው! ጥርስ ቢሆን ያስቀና ነበር።

"ምኔን ላብላው?" አለ ጠጠሩ። "ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ እጅ ይመጣብኛል። ከነቤተሰቤ ያወጣኛል፣ ባልዲ ውስጥ ያሸኛል፣ ውሃው እስኪጠራ ያጥበኛል። የዓሣዋ ትራፊ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ለሣሩ ብዬ በጉያዬ የያዝሁት ሁሉ ቱቦ ውስጥ ይደፋል። ባዶ ጉያ ማንን ያበላል? ያ እጅ ካላረፈ ሣሩን አላበላም።"

"ማነው እሱ?" አለች ትርንጎ ብድግ ብላ። "ማን ደፋር ነው ቤቴ ገብቶ ጠጠሬን የሚያሸው?"

ቤቱን ስታስበው ሰው የሚባል አይገባም። አባባ ተኝተዋል። የሚመጡት እትዬ ጠጅቱ ብቻ ናቸው። ውሃው ከክርኗ እየተንጠባጠበ አጥር ተሻግራ ሄደች።

"እትዬ፣ እጅዎን ያሳዩኝ!"

እትዬ ጠጅቱ በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር። እጃቸውን ዘረጉላት፤ ቀይ ነው፣ እስከ አንጓቸው። "ምነው፣ ሰው ገደሉ ልትዪኝ ነው?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ የዓሣውን ጠጠር የሚያጥብ እጅ አለ። የማን እንደሆነ አጥቼ ነው።"

እትዬ ጠጅቱ ትክ ብለው አዩዋት። "የኔ ልጅ፣ ደህና ነሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ባልዲ ሙሉ የምታሺው አንቺ አይደለሽ እንዴ? መንደሩ ሁሉ ‘ሁለት ሰው ይሄን ሁሉ ሩዝ የት ያደርሰዋል’ እያለ ነው እኮ!"

ትርንጎ እጇን ቀስ ብላ ወደ ፊቷ አመጣችው። ውሃ ያሸበሸበው፣ ጥፍሩ ሥር የተሰነጠቀ፣ ከልብስ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ጠጠር ሲል የኖረ እጅ ነው። የራሷ እጅ! ወደ ቤቷ ተመለሰች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነጋገረችው።

"አንተ እጅ፣ እባክህ እረፍ። ጠጠሩ ሣሩን አላበላ አለ፤ ሣሩ ዓሣዋን አልሸሽግ አለ፤ ዓሣዋ ቀንድ አውጣውን አልተው አለች፤ ቀንድ አውጣው አልጌውን አልግጥ አለ፤ አልጌው አልወርድ አለ፤ አምፖሉ ለቀይቱ አላበራ አለ፤ ቀይቱ አልቀላ አለች፤ አባባ አልነሣ አሉ።"

እጇ የቀሚሷን ጫፍ ሲያፍተለትል ቆየ።

"እንዴት ልረፍ?" አለ በመጨረሻ። "አባትሽ ዓይናቸው ሲደክም ሐኪም ቤት ወሰድሻቸው፣ ጠበል ወሰድሻቸው፤ የሚሆን ነገር ጠፋ። ያን ጊዜ ነው እኔን እጠብ፣ ጥረግ፣ ፈግፍግ ማለት የጀመርሽው። ያጸዳነው ነገር የሚሻለው መሰለን። ባርፍ ደግሞ ታለቅሻለሽ። ሰው ካልያዘኝ አላርፍም።"

"ማን ይያዝህ?"

"ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። አባባ ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ ትመግባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ከበር ወደ ወንበር ትመራቸዋለች እንጂ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አታውቅም። ቁጭ ካለች እንባዋ እንዳይሰማባት ትፈራ ነበር። መኝታ ቤት ገባች። አባባ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነው።

"አባባ፣ እጄን ይያዙልኝ።"

"ተይኝ ልጄ። ቀይዋን ካላየሁ አልነሣም አልኩሽ እኮ።"

በሉ እንግዲህ፣ ጉድ ፈላ! አባባ ካልተነሡ እጅ አያርፍ፣ እጅ ካላረፈ ቀይቱ አትቀላ፣ ቀይቱ ካልቀላች አባባ አይነሡ። የተጀመረበት ቦታ ላይ ተመልሶ ቁጭ! ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ የለም። ትርንጎ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አልቅሳ ስትጨርስ፣ ዝም ከምትል ብላ፣ የደረሰባትን አንድ በአንድ ለጀርባቸው ነገረቻቸው። አምፖሉ ያላትን፣ አልጌው ያላትን ሁሉ።

አባባ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ ሰሙ። ቀንድ አውጣው ላይ ስትደርስ ግን፣

"ምን አለ አልሽ?" አሉ ወደ ግድግዳው።

"ቤት የለም በያት አለኝ።"

አልጋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትርንጎ ደነገጠች፤ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር። አባባ ግን እየሳቁ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ! ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ አስቀመጣቸው፣ ሲቀመጡ ፊታቸው ወደ ልጃቸው መጣ።

"ዓሣዋስ? ዓሣዋ ምን አለች?"

ነገረቻቸው።

"ሣሩስ?... ጠጠሩስ?... ኧረ እትዬ ጠጅቱስ ምን አሉ?" የሩዙን ነገር ሲሰሙ ጉልበታቸውን መቱ። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ እጄ ሰው ካልያዘኝ አላርፍም አለ። እርስዎ ደግሞ ቀይዋን ካላየሁ አልነሣም አሉ። አለቀ።"

አባባ ላቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቆይ እስቲ፣ እጅ ለመያዝ ማየት ያስፈልጋል ያለሽ ማነው?"

መዳፋቸውን አየር ላይ ዘረጉ። ትርንጎ እጇን አስቀመጠችበት። ጣታቸው በስንጥቁ ላይ ሄደ፣ በጥፍሩ ሥር ሄደ፤ የአሮጌ በር ቀለም የሚዳስሱ ይመስል ነበር።

"እንዴት ሻክሯል ልጄ!" አሉ። "እኔኮ ግድግዳ እያየሁ ነው የተኛሁት መሰለሽ? ሥራሽን ስሰማ ነው የምውለው። ባልዲ ሲንኳኳ፣ ውሃ ሲደፋ። አንድ ቀን ትመጣና አጠገቤ ትቀመጣለች እያልሁ።"

ትርንጎ እንደገና አለቀሰች፤ አባባም አለቀሱ። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ "በይ ምሪኝ፣ ያንን ጠጠር እኔም ላናግረው" አሉ።

ክንዳቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ጠጠሩን ፈተጉት። "ይሄማ የተጋጠ አጥንት ነው! ከዚህ ቀለም ከየት ይምጣ? ቀዩን ቀለም እኛ ድሮ ከአፈር ነበር የምናወጣው። ያቺ ደጅ ያለችው የአበባ ማሰሮ፣ ከይርጋለም ያመጣሁት ቀይ አፈር አለባት፤ እስቲ አምጫት።"

አፈሩን በውሃ ለወሱት። አባት በዳሰሳ፣ ልጅ በዓይኗ፣ ሽምብራ ሽምብራ አሳክለው አድበለበሉት፤ ፀሐይ ላይ አደረቁት፤ አንድ ቀይቱ ሥር፣ አንድ ሣሩ ሥር እያሉ ጠጠሩ ውስጥ ቀበሩት።

"አምፖሉስ አባባ?"

"ከምሳ በኋላ እኔ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ይብራ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እኔ ስነሣ ይጥፋ። እሱም ይረፍ፣ አልጌውም ሙሉ ቀን ግብዣ የት አየና!"

ቅዳሜ መጣ። የትርንጎን እጅ በላው፣ ወደ ባልዲው ተወረወረ። አባባ ጠበቅ አድርገው ያዙት። ውሃውን ትንሽ በጆግ ቀድታ እንድትለውጥ ፈቀዱላት፤ ጠጠሩ ጋ ግን ድርሽ የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ ጠጅቱ መጡ፤ ባልዲው ጥግ ላይ ተደፍቶ፣ የገንዳው ታች ጠይም ሆኖ አዩ።

"ምነው ትርንጎ፣ አመመሽ እንዴ? እንዲህ ቆሽሾ! በይ ተነሺ፣ እኔ ልፈግፍግልሽ!"

"እንዳይነኩት!" አባትና ልጅ በአንድ አፍ ጮኹ።

እትዬ ጠጅቱ ደንግጠው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ነገሩን ሲነግሯቸው "እብድ ቤት" ብለው ሄዱ። በማግስቱ ግን ተመልሰው መጡና ቀንድ አውጣው ወጣ ወይ ብለው ጠየቁ።

ቶሎ አልወጣም። ተክል እንደ ሰው በምክር አይነሣም፤ ጊዜ ይፈልጋል። ትርንጎ ጥርጣሬ በያዛት ቁጥር አባባ "ቆይ እስቲ፣ ዛሬ ማን ምን አለ?" ይሏታል፤ እሷም ያየችውን ትነግራቸዋለች። መጀመሪያ የነገረቻቸው ስለ አንድ አዲስ የሣር ቡቃያ ነው፤ ቀዳዳ የሌለው።

ከዚያማ ማን ያቁመው! እጅ አረፈ፤ ጠጠሩ ሣሩን አበላ፤ ሣሩ ዓሣዋን ሸሸገ፤ ዓሣዋ ቀንድ አውጣውን ተወች፤ ቀንድ አውጣው አልጌውን ጋጠ፤ አልጌው ወረደ፤ አምፖሉ ለቀይቱ አበራ፤ ቀይቱም...

ትርንጎ ስለ ቀይቱ ምንም አልተናገረችም። ጫፏ ላይ የበቀለችውን ትንሽ ቅጠል አይታለች፤ ነገር ግን ስለተመኘች ብቻ ያየችው እንዳይሆን ፈራች። ደግሞም ለአባባ መንገሩ ደስ አላላትም። እንዲያዩት እንጂ እንዲሰሙት አልፈለገችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አምፖሉ በርቶ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። አባባ ስለ አንድ ድሮ ስለቀቡት በር እያወሩ ነበር። መሀል ላይ ወሬያቸው ቀጥ አለ። አንገታቸውን ወደ ፊት ሰገግ አደረጉ።

"ትርንጎ፣" አሉ፣ "ያ ቀይ ምንድን ነው?"

ትርንጎ ወደ አባቷ ዞረች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ልትጠርገው ብላ እጇን ሳብ አደረገች።

አባባ ግን አልለቅ አሉ።

እኔም ተረቴን ከውሃው አወጣሁ፤ ፎጣ አቀብሉኝ።